ካንሰር ያለበት ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው

ኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ ትኩሳት አዲስ ትርጉም ይዟል። በሆስፒታል በር፣ በመሥሪያ ቤት መግቢያና በመናኸሪያ የሰው ሙቀት ሲለካ ቆይቷል። ሙቀቱ ከፍ ያለ ሰው ከሌሎች እንዲለይ፣ ቤቱ እንዲቆይና ወደ 8335 ነፃ የስልክ መስመር እንዲደውል ተመክሯል። ይህ ምክር ለአብዛኛው ሰው ትክክል ነበር። እንዳለ ሊወሰድላቸው የማይገባ ጥቂት ሕፃናት ግን አሉ፤ እነርሱም ለካንሰር ኬሞቴራፒ በመውሰድ ላይ ያሉት ናቸው። እነዚህ ሕፃናት ትኩሳት ሲይዛቸው ቤት ማቆየት፣ የኮቪድ-19 ምርመራ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ወይም «ነገ ካልተሻለው እንወስደዋለን» ማለት ለሞት ሊዳርጋቸው ይችላል።

ጽሑፉ በተለይ የቦንጋንና የካፋ ዞንን ነዋሪ በማሰብ የተሰናዳ ነው። ከዞኑ ካንሰር የተገኘበት ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናውን የሚከታተለው የሕፃናት ካንሰር ክፍል ባለው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ቦንጋ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከዴቻ፣ ከጌሻ፣ ከቢጣ ወይም ከሳይለም ቀበሌዎች ለሚነሣ ቤተሰብ ቦንጋ ራሷ ሩቅ ናት። ኬሞቴራፒው የሚሰጠው በሩቅ ከተማ ሲሆን ትኩሳቱ የሚመጣው ግን ቤት ነው። ይህም በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ሕፃኑ መድኃኒቱን ወስዶ ሲመለስ ደኅና ይመስላል፤ የነጭ ደም ሕዋሳቱ እጅግ የሚያንሱት ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። በእነዚያ ቀናት ሕፃኑ ያለው ከሐኪሙ ዘንድ ሳይሆን ከእናቱ ጓዳ ነው።

ትኩሳቱ ስለምን የተለየ ሆነ?

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ይገድላል። የካንሰር ሕዋስ እንዲህ ያለ ነው፤ ነገር ግን ደም የሚሠራበት የአጥንት መቅኔ፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን እንዲሁም የፀጉር ሥር ሕዋሳትም በፍጥነት ይባዛሉ። የፀጉሩን መርገፍ ሁሉም ያየዋል፤ የመቅኔውን መድከም ግን ያለ ደም ምርመራ ማንም ሊያየው አይችልም። ከነጭ ደም ሕዋሳት መካከል ባክቴሪያን ቀድመው የሚዋጉት ኒውትሮፊል የተባሉት ናቸው። በጤነኛ ልጅ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 በላይ ይገኛሉ። ቁጥራቸው ከ500 በታች ሲወርድ ሰውነት ዘብ እንደሌለው ቤት ይሆናል። በዚያው ሰሞን የአፍና የአንጀት ሽፋንም ስለሚሳሳ፣ በሆድ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ይሻገራሉ። ስለዚህ ወላጆች «ከማን ተያዘ?» እያሉ ራሳቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ባይወቅሱ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ሕፃኑን የሚያጠቃው ከራሱ ሆድ የወጣ ባክቴሪያ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ቁስል ሲያመረቅዝ መግል የሚይዘው፣ ሳንባ ሲታመም አክታ የሚወፍረው በአብዛኛው ኒውትሮፊሎች ተሰብስበው ስለሚዋጉ ነው። እነርሱ ከሌሉ መግልም፣ እብጠትም፣ ደማቅ መቅላትም ላይታይ ይችላል። ሕፃኑ ሳል ሳይኖረው የሳንባ ምች፣ ቁስሉ ሳይመግል የቆዳ ኢንፌክሽን ሊኖረው ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትኩሳት ብቸኛው የማስጠንቀቂያ ደወል ሊሆን ይችላል። ከዚህ ደወል በኋላ ያለው ጊዜም አጭር ነው፤ በደም ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ የደም ግፊትን አውርዶ ሕፃኑን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በዓለም ዙሪያ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ሕፃኑ ጤና ተቋም በደረሰ በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰጥ የሚያሳስቡት ስለዚህ ነው።

የሕፃናት ካንሰር የማይድን ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ ጸንቶ ስለሚኖር፣ አንዳንድ ቤተሰብ ትኩሳቱን የበሽታው የመጨረሻ ምዕራፍ አድርጎ ይቀበለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከሚይዛቸው ሕፃናት ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከመቶ 30 አይሞሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ በ2030 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 60 ከመቶ የሚሆኑት ሕፃናት እንዲድኑ ግብ ጥሏል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የካንሰሩ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዘግይቶ መምጣት፣ ሕክምናን ማቋረጥና በሕክምናው መካከል የሚነሣ ኢንፌክሽን ብዙ ሕፃናትን ይወስዳሉ። ካንሰሩ እየጠፋለት ሳለ በትኩሳት የሚሞት ሕፃን አለ፤ ይህን ሞት መከላከል ደግሞ ይቻላል።

ቤት ውስጥ

በመጀመሪያ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ግንባርን በእጅ መዳሰስ ለሌሎች ልጆች ሊበቃ ይችል ይሆናል፤ ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ሕፃን ግን አይበቃም። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ቴርሞሜትር ከመድኃኒት ቤት ሊገዛ ይችላል፤ ከኬሞቴራፒ ዑደት አንዱን እንኳ ሳይጨርሱ ቢገዛ ይመረጣል። የሚለካው በብብት ነው። በፊንጢጣ መለካት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የሳሳውን የአንጀት ሽፋን ጭሮ ለባክቴሪያ በር ሊከፍት፣ ደምም ሊያፈስ ይችላል። በዚሁ ምክንያት በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም አይሰጥም።

በብብት የሚነበበው ሙቀት ከአፍ ከሚነበበው ዝቅ ያለ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በብብት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ እንኳ ከታየ ጉዞ መጀመር አለበት። ከ37.5 እስከ 38 ባለው መካከል ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እንደገና ይለካ፤ በመካከሉም ሕክምናውን ወደሚከታተሉት ሐኪሞች ይደወል። ሕፃኑ ከተንቀጠቀጠ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ሆዱን አጥብቆ ካመመው ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ምን መነሣት ያስፈልጋል። በተለይ ለደም ካንሰር ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚወስድ ሕፃን በጠና ታምሞ ሳለ ሙቀቱ ላይጨምር ይችላል፤ መድኃኒቱ ትኩሳትን ይሸፍናልና።

ትኩሳት በታየ ጊዜ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መተኛት የተለመደ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል፤ በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ግን አይነካም። ደወሉን አፍኖ እሳቱን መተው ማለት ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይለካና ሐኪም ሳያውቅ አይሰጥ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደግሞ ደም የማርጋት ኃይልን ስለሚያዳክሙ፣ ፕላትሌቱ ላነሰ ሕፃን ጭራሹን የተከለከሉ ናቸው።

በአካባቢያችን ትኩሳትና ራስ ምታት አብረው ሲመጡ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ማሸትና ጨምቆ ማጠጣት ጥንታዊ ልማድ ነው። ይህ ጽሑፍ ልማዱን ለመንቀፍ አልተነሣም። ነገር ግን ያልተቀቀለ የቅጠል ጭማቂ ለዚህ ሕፃን የባክቴሪያ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም የሚብሰው የሚያባክነው ጊዜ ነው። እንጥል ማስቆረጥ፣ ድድ ማስቧጨርና መበጣት ግን የሚታለፉ አይደሉም። ዘብ ባጣ ሰውነት ላይ ቁስል መክፈት፣ ፕላትሌት ባነሰበት ጊዜ ደም ማፍሰስ ነው። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ይህን ከማድረጋቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይመካከሩ። ትኩሳት በያዘው ሰዓት ግን ቅድሚያው ጤና ተቋም ነው።

ስለ አንቲባዮቲክ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ምክሮች

ጤና ሚኒስቴር ለብዙ ዓመታት አንድ መልእክት ሲደጋግም ቆይቷል፦ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ፤ ጉንፋንንና ሌላ በቫይረስ የሚመጣ ሕመምን አያድንም። በወረርሽኙ ዘመን አዚትሮማይሲን ለኮሮና መድኃኒት ነው ተብሎ በየመድኃኒት ቤቱ በተፈለገ ጊዜ ይህ መልእክት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖ ነበር። አዚትሮማይሲን ቫይረሱን አይገድልም። ያለ ምክንያት በተወሰደ ቁጥር ግን መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ይበረክታሉ።

እዚህ ላይ ደግሞ ካንሰር ላለበት ሕፃን ትኩሳት እንደታየ፣ የትኛው ተሕዋስ እንደያዘው ገና ሳይታወቅ አንቲባዮቲክ ይጀመር እያልን ነው። ሁለቱ ምክሮች አይጋጩም። ጤነኛ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሙ መርምሮ፣ ጠብቆ፣ አይቶ ለመወሰን ጊዜ አለው፤ የሕፃኑ የራሱ መከላከያ ጊዜ ይገዛለታል። መከላከያው ለወደቀበት ሕፃን ይህን ጊዜ የሚገዛለት መድኃኒቱ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ምክሮች የሚደጋገፉ ናቸው። በካፋ ገጠር ያለ ሰው ሁሉ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚውጥ ከሆነ፣ ዛሬ የዚህን ሕፃን ሕይወት የሚያድነው መድኃኒት ነገ አይሠራም። ጎረቤት ሳያስፈልገው የወሰደው ክኒን ዋጋ የሚከፈለው በዚህ ሕፃን ደም ውስጥ ነው።

ከቤት የተረፈ ክኒን ወይም ሽሮፕ ለዚህ ሕፃን አይበጅም። የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት ነው፤ መጠኑም በሕፃኑ ክብደት ይሰላል። የሚመረጠው መድኃኒት እንደ ሆስፒታሉ አቅምና በአካባቢው እንዳለው የባክቴሪያ ዓይነት ይለያያል። ከተቻለ አንቲባዮቲኩ ከመሰጠቱ በፊት ደም ለካልቸር ይወሰዳል፤ ካልቸር የማይሠራበት ተቋም ውስጥ ከሆነ ግን ይህን ለማድረግ ተብሎ መድኃኒቱ አይዘገይም። ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ሐኪሙ የካልቸሩን ውጤት፣ የሕፃኑን ሁኔታና የደም ቆጠራውን አይቶ መድኃኒቱን ይቀይራል፣ ይቀጥላል ወይም ያቆማል። የማቆም ውሳኔም እንደ መጀመር ሁሉ የሐኪሙ ነው።

በተጨማሪም ብዙ ሕፃናት በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ኮትሪሞክሳዞል ይወስዳሉ። ይህ የሚሰጠው አንድ የተለየ የሳንባ ምች እንዳይዛቸው ለመከላከል ነው። «አንቲባዮቲክ እየወሰደ ነውና ትኩሳቱ አያሰጋም» የሚያሰኝ አይደለም፤ ያለ ሐኪም ፈቃድም አይቋረጥም።

ወባ ተገኘ ማለት ፍለጋው አለቀ ማለት አይደለም

በጎጀብ ሸለቆና በዴቻ ቆላማ ቀበሌዎች ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። የወባው ወቅትና የቡና ለቀማው ጊዜ ስለሚገጥሙ ቤተሰብ ሥራ የሚበዛበት ሰሞን የሕመምም ሰሞን ይሆናል። ካንሰር ያለበት ሕፃንም ለወባ መመርመር አለበት። ይሁን እንጂ በጤና ኬላ የጣት ደም ተወስዶ ወባ ሲገኝ ክኒኑን ይዞ ወደ ቤት መመለስ ለዚህ ሕፃን አይሠራም። ወባውና በደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም። ወባው ይታከማል፣ አንቲባዮቲኩም ይጀመራል፣ ሕፃኑም ወደ ሆስፒታል ይላካል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በቀበሌያቸው ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሕፃን መኖሩን አስቀድመው ካወቁ አምቡላንስ ለመጥራትና ለጤና ጣቢያው ለማስታወቅ ደቂቃ አይባክንም። ጤና ጣቢያዎቻችን በጠና ለታመመ ሕፃን ሪፈር ከመጻፋቸው በፊት የመጀመሪያውን መርፌ መስጠት ያውቁበታል፤ ይህ ልማድ ለካንሰር ሕሙማን ሕፃናትም ይሠራል። ሆስፒታል ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ከሆነ፣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እዚያው ጤና ጣቢያ ቢሰጥ ይመረጣል። ፕላትሌቱ ያነሰ ሕፃን በጡንቻ ሲወጋ ደም ሊፈስበት ስለሚችል ከተቻለ በደም ሥር ይሁን።

በቦንጋ የሚገኘው የገብረ ጻዲቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል ለዞኑ ነዋሪ ቅርብ መድረሻ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ካንሰሩን የሚያውቁት ሐኪሞች ጅማ ናቸው በሚል ቦንጋን አልፎ ጎጀብን ተሻግሮ በቀጥታ ጅማ ለመድረስ ይሞክራል። ሐሳቡ ቢገባንም አካሄዱ አደገኛ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒትና የደም ሥር ፈሳሽ በቅርብ ባለው ሆስፒታል ይሰጥ፤ የጅማው ሐኪም በስልክ ይመክር፤ ጉዞው ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ሲረጋጋ ይቀጥላል።

በሆስፒታሉ በር ላይ

ወረርሽኙ የፈጠረው ዋነኛ እንቅፋት እዚህ ነበር። በር ላይ ሙቀት የሚለካው ሠራተኛ ትኩሳት ያለውን ሰው ወደ ኮቪድ-19 መለያ ስፍራ መላክ ግዴታው ነበር። ያ ስፍራ ወረፋ ነበረው፤ የናሙና ውጤትም ሊዘገይ ይችል ነበር። ካንሰር ያለበት ሕፃን በወረፋ ውስጥ ተቀምጦ የሚያሳልፋቸው ሰዓታት መድኃኒት ሊያገኝባቸው የሚገቡ ሰዓታት ናቸው። ስለዚህ ወላጅ በር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ንግግሩ «ትኩሳት አለው» ከሚለው ይልቅ «ልጄ ካንሰር አለበት፤ ኬሞቴራፒ በዚህ ቀን ወስዷል፤ አሁን ትኩሳት ይዞታል» የሚል ይሁን። ይህን ማለት ማንንም መዳፈር አይደለም። ሕፃኑ ከሌሎች ሕሙማን ተለይቶ ሊቀመጥ፣ ጭምብል ሊደረግለት፣ የኮሮና ናሙናም ሊወሰድለት ይገባል፤ አንቲባዮቲኩ ግን የናሙናውን ውጤት አይጠብቅም። ውጤቱ ቫይረሱ አለበት ቢልም ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር አንቲባዮቲኩ አይቆምም፤ ቫይረስ መገኘቱ ባክቴሪያ አለመኖሩን አያረጋግጥምና።

ኮሮና ራሱም ለእነዚህ ሕፃናት ቀላል አይደለም። ከ45 አገሮች የተሰበሰበና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ መረጃ እንዳሳየው፣ ካንሰር ኖሮባቸው በቫይረሱ ከተያዙ ከ1300 በላይ ሕፃናት መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ በጠና ታመዋል፤ 4 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ሞተዋል። ይህ በሌሎች ሕፃናት ላይ ከታየው እጅግ ይበልጣል። ሆኖም አብዛኞቹ አገግመዋል፤ ስለዚህ ወረርሽኙን በመፍራት የኬሞቴራፒ ቀጠሮ መቅረት ከቫይረሱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ቀጠሮ የሚራዘመው ሐኪሙ ሲወስን ብቻ ነው። በቤት ያሉ አዋቂዎች ግን በአገራችን ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠት የጀመረውን የኮቪድ-19 ክትባት ቢወስዱ ለሕፃኑ አጥር ይሆኑታል።

ስለ ሌሎች ክትባቶች አንድ ነገር እንጨምር። ቤት ለቤት የፖሊዮ ጠብታ ወይም የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሲደረግ ለክትባት ሠራተኞቹ ሕፃኑ ኬሞቴራፒ ላይ መሆኑን መንገር ያስፈልጋል። እነዚህ ክትባቶች የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለባቸው በሕክምናው ጊዜ ለእርሱ አይሰጡም። ወንድሞቹና እኅቶቹ ግን የኩፍኝ ክትባታቸውን ሊያጓድሉ አይገባም። በሰፈር ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ያለበት ልጅ ከሕፃኑ ጋር ከዋለ፣ ምልክት ባይታይበትም በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር።

ምግብን በተመለከተ ብዙ ክልከላ ማብዛት ሕፃኑን ያከሳዋል። በደንብ የተጋገረ ቆጮ፣ በሚገባ የበሰለ ሥጋና እንቁላል፣ የፈላ ወተት ይብላ፣ ይጠጣ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ያልታከመ የምንጭ ውኃ ይቅሩበት። የካፋ ማር ስሙ የታወቀ ቢሆንም፣ ጥሬ ማር መስጠትም ሆነ የአፍ ቁስል ላይ መቀባት ኒውትሮፊሉ ባነሰባቸው ሳምንታት ቢቆይ ይሻላል። አፉን በቀን ደጋግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘና ትንሽ ጨው በተጨመረበት ውኃ ማጉመጥመጥ፣ የሚያስታምመውም ሰው እጁን በሳሙና መታጠቡ ከብዙ ክልከላ የበለጠ ይጠቅማል።

የደም ካንሰር ሕክምና 2 ወይም 3 ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል ትኩሳቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ላይሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ በክረምት ጭቃም፣ በቡና ለቀማ ጥድፊያም፣ በሌሊትም ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ አንድ ቦርሳ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። በውስጡ ቴርሞሜትሩ፣ የሕፃናት ካንሰር ክፍሉ የሰጠው ማስረጃ፣ የመጨረሻው ኬሞቴራፒ የተሰጠበት ቀን፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ የሕፃኑ ክብደት፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ፣ የጤና መድን ደብተሩ፣ የሐኪሙና የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር እንዲሁም ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይኑር። ቦርሳው ያለበትንም ቦታ አባትም፣ አያትም፣ ታላቅ እኅትም ይወቁት፤ ትኩሳቱ የመጣው እናት ገበያ በሄደችበት ቀን ሊሆን ይችላልና።